ክርክር፦ ሰብኩዌሪ ይከልከል?

አወያይ፦ ከዳታቤዝ መረጃ ለማውጣት በጋራ በምንሠራው ኮድ ላይ አንድ ሐሳብ ቀርቧል። "ሰብኩዌሪ ይቅር፣ ሁሉም በጆይን ይጻፍ" የሚል ነው። ሰብኩዌሪ በሌላ ኩዌሪ (ለዳታቤዝ በሚጻፍ ጥያቄ) ውስጥ የተከተተ ኩዌሪ ነው፤ ጆይን ደግሞ የሁለት ቴብሎችን (ሠንጠረዦችን) ረድፎች ያገናኛል። ምን ትላላችሁ?

የፒያሳው፦ ይከልከል። ቅንፍ በቅንፍ ውስጥ የተቀበረ ኩዌሪ ማን ያነበዋል? ጻፊው ሥራ ሲለቅ ተተኪው ፍዳውን ያያል። ደግሞ ይዘገያል።

የካዛንቺሷ፦ መዘግየቱ የድሮ ታሪክ ነው። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ለዓመታት ኢን ("ዝርዝሩ ውስጥ ያለውን አምጣ" የሚለው ትእዛዝ) ውስጥ የገባን ሰብኩዌሪ ለእያንዳንዱ ረድፍ እንደ አዲስ ያስኬደው ነበር። ስሙ የጠፋው ያኔ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ቨርዥን 5.6 ብዙዎቹን ራሱ ወደ ሴሚ ጆይን (ተዛማጅ ረድፍ መኖሩን ብቻ ወደሚያይ ጆይን) ይቀይራቸዋል። በድሮ ቂም ሕግ አናውጣ።

የፒያሳው፦ እሺ፣ ፍጥነቱን ልተውልሽ። ጆይን ግን ሁሉንም ይሠራል።

የካዛንቺሷ፦ አይሠራም ወንድሜ! "በመስከረም ያዘዙ ደንበኞችን አምጣ" በለው። ሦስት ጊዜ ያዘዘ ሰው ሦስት ጊዜ ይመጣል። ከዚያ ድግግሞሹን እንዲያጠፋ ዲስቲንክት ትለጥፍበታለህ። ከሰብኩዌሪ ጋር የሚጻፈው ኤግዚስትስ ግን "አለ ወይስ የለም?" ብቻ ነው የሚለው። የፈለግነውም ይሄንኑ ነው።

የአራት ኪሎው፦ እኔን የሚያስፈራኝ ኖት ኢን ("ዝርዝሩ ውስጥ የሌለውን አምጣ") ነው። ከአራት ኪሎ ምንም ያላዘዙ ደንበኞችን ፈለጋችሁ እንበል። ትዕዛዞች ቴብል ውስጥ ሳይመዘገብ በስልክ ያዘዘ ሰው አለ፤ የደንበኛ ቁጥሩ ኑል ነው። ይቺ አንዲት ረድፍ ብቻ መልሱን ባዶ ታደርገዋለች። ኤረር እንኳ አይወጣም! ኑል "አይታወቅም" ማለት ነው። ያ ያልታወቀ ቁጥር የማንኛውም ደንበኛ ሊሆን ስለሚችል ዳታቤዙ ማንንም "አላዘዘም" ብሎ አያረጋግጥም። ያላረጋገጠውን ደግሞ ማጣሪያው ዌር አያሳልፍም። ሪፖርቱን ያየ አለቃ "ሁሉም አዟል" ብሎ ይወስናል። የሚከለከል ካለ ይሄ ይከልከል፤ በኖት ኤግዚስትስ ይጻፍ።

የፒያሳው፦ ይሄን እቀበላለሁ። ቅንፉስ?

የካዛንቺሷ፦ ለእሱ ዊዝ አለልህ። እያንዳንዱን እርምጃ ስም ሰጥተህ ከላይ ወደ ታች ታነበዋለህ። ማይኤስኪውኤልም በ8.0 አስገብቶታል።

የአራት ኪሎው፦ ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ያላችሁ ግን ቨርዥናችሁን እዩ። ከ12 በፊት ዊዝ ለብቻው ተሰልቶ ነበር የሚቀመጠው። የውጭው ማጣሪያ ወደ ውስጥ አይገባለትም ነበር።

የፒያሳው፦ እንግዲያው ሐሳቤን ላሻሽል። ኖት ኢን ከሰብኩዌሪ ጋር አይጻፍ። ኤግዚስትስ ይፈቀድ። ከሁለት ደረጃ በላይ መክተት ግን ይቅር።

የካዛንቺሷ፦ በመጀመሪያዎቹ እስማማለሁ። ደረጃ መቁጠሩን አልቀበልም። የኤክስፕሌይን (ዳታቤዙ ኩዌሪውን እንዴት እንደሚያስኬድ የሚያሳይ ትእዛዝ) ውጤት ከኮዱ ጋር ይቅረብና እሱን አይተን እንፍረድ።

አወያይ፦ ኖት ኢን ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። በደረጃው ላይ ድምፅ ስጡ።