ክርክር፦ የ16 ሳምንት ትምህርት በ10 ሳምንት ይለቅ? የቢዝነስ ተማሪዎች ምን ትላላችሁ

ጂሲ አካውንቲንግ፦
ሰላም የጎጃም ልጆች፣ ትናንት አንዱ እዚህ ግሩፕ ላይ "የቢዝነስ ተማሪ ምን አለበት፣ ተኝቶ ነው ሚመረቀው" ብሎ ጽፎ አይቼ ነው። እኔ አካውንቲንግ 4ኛ ዓመት ጂሲ (ተመራቂ) ነኝ፣ ካምፓሴን አልጠራም። ሴሚስተሩ በወጉ 16 ሳምንት ነበር፣ ዘንድሮ ካሌንደሩ ተጨምቆ 10 ሆኗል። እስቲ አብራችሁኝ አስሉ፣ አንድ ሴሚስተር 30 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያ) ነው፣ አንዱ ኢሲቲኤስ ክላሱም ንባቡም አሳይመንቱም ተደምሮ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው ይባላል፣ ትንሹን 25ቱን ያዙልኝ፣ 750 ሰዓት። ለ16 ስታካፍሉት በሳምንት 47 ሰዓት ገደማ፣ ለ10 ስታካፍሉት 75። እሁድም ሳይቀር በቀን ወደ 11 ሰዓት ማለት ነው፣ የካፌ ሰልፍ ሳይቆጠር፣ ልብስ ማጠብ ሳይቆጠር፣ መብራት ሲጠፋ ዶርም ውስጥ ተፋጠን ምንቀመጠው ሳይቆጠር። ይሄ ነገር ይቅር ባይ ነኝ። ወይ ምዕራፉ ይቀነስ ወይ ጊዜው ይመለስ።

አያ ባንኩ (ፍኖተ ሰላም)፦
ወንድምዓለም እኔም አልፌበታለሁ፣ ያኔ የሚጨንቀኝ ግሬድ ነበር፣ አሁን የሚጨንቀኝ ካሽ ነው። ሰኔ ላይ ሂሳብ ሲዘጋ አንድ ሳምንት ያህል ልጄን እንቅልፍ ላይ ነው ማያት። ገንዘብ ያዥ ሆኜ ስጀምር አንድ ቀን 2 ሺህ ብር ጎደለብኝ፣ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ብንቆጥር ብንቆጥር የለም፣ ከደሞዜ ነው የተቆረጠው። እዛ ቦታ ላይ "ጊዜ አነሰኝ" ብትል ማን ይሰማሃል? ቢዝነስ ተማሪ ሩጫን ካምፓስ ካልለመደው የት ሊለምደው ነው። እኔ እንደውም ጥሩ ነው ባይ ነኝ።

የቡሬዋ፦
አያ አንተ ግን ለምትሮጥበት ደሞዝ ይከፈልህ የለ እንዴ 😂 እኔ እህል ቤት ነው ምሰራው፣ ቅዳሜና እሁድ እማራለሁ፣ ማኔጅመንት። እኔን የገደለኝ ብዛቱ ሳይሆን ሁሉም ባንድ ሳምንት መውደቁ ነው። 5 ኮርስ፣ 5 ግሩፕ አሳይመንት፣ 5ቱም ማስረከቢያ ከሚድ ፈተና በፊት ባለው ቅዳሜ፣ አስተማሪዎቹ እርስ በርስ አይነጋገሩም መሰለኝ። ደግሞ ግሩፕ ሲባል ወንዶቹ "አንቺ ጽሑፍሽ ያምራል" ይሉና ይጠፋሉ። ጽሑፌ ያምራል ብዬ ሌሊቱን 8 ሰዓት ድረስ የ7 ወንድ ሥራ ስጽፍ አድራለሁ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የበቆሎ ጆንያ ይጠብቀኛል። ኧረ አፌን አታስከፍቱኝ።

መምህር ነኝ፦
ልጆች እኔ ከዛኛው ወገን ነኝና ትሰሙኝ እንደሆነ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሳምንቱ ሲያጥር ያልደረስንበትን ምዕራፍ "ሪዲንግ አሳይመንት" ብለን እንሰጣለን፣ አንብባችሁ ትመጣላችሁ ብለን አምነን ሳይሆን ኮርሱ አለቀ ለማለት ነው። ይሄ ያሳፍረኛል። ግን ጂሲ ያነሳውን "ጊዜው ይመለስ" የሚለውን እስቲ ወላጆቻችሁን ጠይቁ። በኮቪድ ባከነ፣ በጦርነቱ ባከነ፣ በጸጥታው ባከነ፣ በ4 ዓመት መውጣት የነበረበት ልጅ ስንት ዓመት ቆየ? እያንዳንዱ ሴሚስተር 16 ሳምንት ይሁን ካልን አንድ ባች ሌላ ዓመት ይጨመርበታል። አባትየው በሬ ሸጦ ነው የሚልክ፣ ሌላ ዓመት ከየት ያመጣል? መጨመቁ ጨካኝ ይመስላል እንጂ ለብዙው ልጅ ማስታገሻ ነው።

ጂሲ አካውንቲንግ፦
መምህር ያሉት ገብቶኛል፣ የኔም አባት ገበሬ ነው፣ የበሬውን ነገር አይንገሩኝ። ግን ኤግዚት ኤግዛም (የመውጫ ፈተና) አለ እኮ፣ ከ2015 ጀምሮ ከ100 ው 50 ካላመጣህ ዲግሪ የለም፣ ፈተናው ደግሞ ካሌንደሩ ተጨምቆ ነበር ብሎ አይምርም። እኛ አድቫንስድ አካውንቲንግ ላይ ኮንሶሊዴሽን የሚባለውን፣ እናት ድርጅትና ልጅ ድርጅት አንድ ላይ ሂሳብ ሚሰራበትን፣ በአንድ ከሰዓት ነው የጨረስነው። እማልረሳው መምህሩ ስላይድ 60 ላይ ደርሶ "ሌላው ተመሳሳይ ነው" አለና ላፕቶፑን ዘጋ። ከዛ እኛ ችከላ ነው፣ ያለፉ ዓመታት ጥያቄ መሸምደድ። አባቴ በሬውን ሸጦ እኔ ኤግዚት ወድቄ ቤት ብገባስ? ያኔ አንድ ዓመት ሳይሆን ሁሉም ነው የባከነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ።

አያ ባንኩ፦
እሱስ ልክ ነህ፣ አዲስ ገቢዎች ቅርንጫፋችን ሲመጡ ዴቢትና ክሬዲት የሚያምታታ አይቻለሁ። ግን ያ የጊዜ ጉዳይ ነው ወይስ የልጁ? በ16 ሳምንት የተማሩትም አሉበት።

ፎቶኮፒ ቤት፦
እኔ ተማሪ አይደለሁም፣ ካምፓስ በር ላይ ፕሪንትና ጥራዝ ነው ምሰራው፣ ባትፈልጉኝም ልናገር ያየሁትን። የማስረከቢያ ዋዜማ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ሰልፉ አስፋልቱ ድረስ ነው። ባለፈው አንድ ፍላሽ ለ4 ግሩፕ ሲሰራ አመሸ፣ ሽፋኑ ላይ ስምና አይዲ ይቀየራል፣ ውስጡ ያው ነው። አንዱ ግሩፕማ ገጽ 7 ግርጌ ላይ የፊተኞቹን ስም ሳያጠፋ ሊያስጠርዝ ሲል እኔ ነኝ ያሳየሁት። ሽፋኑ ላይ 8 ስም አለ፣ የመጣው ደግሞ አንድ ልጅ ነው፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ሒሳብ ሲከፍል ብሩን ሁለቴ ሰጠኝና መለስኩለት። አንድ ሌላው "ርዕሱ ምንድነው እዛ ላይ አንብብልኝ" ብሎ እኔን ጠይቆኛል፣ የራሱን አሳይመንት 😅 ስለዚህ አያ ባንኩ ሩጫ ይልመዱ ሚለው አልገባኝም፣ የሚሮጠው አንዱ ነው፣ ሰባቱ ተቀምጠዋል። ለኔማ ገበያ ነው፣ ይብዛልኝ ብል ነበር።

የቡሬዋ፦
አላልኳችሁም?! ጽሑፏ ሚያምረው ሴት በሌለችበት ደግሞ ዓይኑ የቀላው ልጅ አለ።

አያ ባንኩ፦
እሺ ግሩፕ ከ3 ሰው አይብለጥ በሚለው ተስማምቻለሁ፣ መምህሮቹም ማስረከቢያውን ተነጋግረው ያከፋፍሉት። 10 ሳምንቱ ላይ ግን ከመምህር ጋር ነኝ።

ጂሲ አካውንቲንግ፦
እኔ አልተስማማሁም፣ ማክሰኞ ከኦዲቲንግ ኩዊዝ በኋላ እመለሳለሁ።

ፎቶኮፒ ቤት፦
ኩዊዝ ስትል አስታወስከኝ፣ ቀይ ፍላሽ እኔ ጋ ረስቶ የሄደ አለ፣ ውስጡ "ኦዲቲንግ ፋይናል የመጨረሻ 3" ሚል ፋይል አለበት። ማታ 2 ሰዓት ሳልዘጋ ይምጣ።