ጽዋውን እንዴት ላስረክባት?

እህት ወንድሞች፣ እስቲ ምከሩኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ወር በገባ በ12 የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አለን። ከማኅበርተኞቹ አንዷ አምና 15,000 ብር ተበድራኝ፣ ዘንድሮ «መች ሰጠሽኝ?» ብላ ካደችኝ። ብሩስ ይቅር፤ ሰው ፊት ውሸታም መባሌ ነው ያንገበገበኝ።

የንስሐ አባቴ «ይቅር በያት» አሉኝ። እሺ አልኩ። ግን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ገና ነጠላዋን ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። ማቴዎስ 5 ላይ መባህን ትተህ መጀመሪያ ታረቅ የሚለውን አውቀዋለሁ። እሷ ግን ጥፋቷን እንኳ አላመነችም!

የፊታችን ወር ተራው የኔ ነው። ቀጥሎ የእሷ። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀምሶ ሲያበቃ ጽዋውን በእጄ ላስረክባት ነው። ሽማግሌ ልላክባት ወይስ ዝም ብዬ ልስጣት? ይቅር ካልኩ በኋላ ብሬን መጠየቅስ ነውር ነው?