ዎርድፕረስ ሲዛወር አማርኛው «????» ሆነ፤ ስሕተት 1071 ላይ ቆመናል

ጤና ይስጥልኝ፤ በዎርድፕረስ የተሠራ የአማርኛ ብሎግ ወደ አዲስ ሆስቲንግ ሲዛወር ፊደሉ በሙሉ «????» ሆነ፤ እንግሊዝኛው ደህና ነው።

ምክንያቱ ታውቋል። ከአሮጌው ሰርቨር ባወጣነው የዳታቤዝ ቅጂ (ኤስኪውኤል ፋይል) ውስጥ የሠንጠረዦቹ ካራክተር ሴት (ፊደል የሚመዘገብበት ሥርዓት) ስላልተጻፈ የአዲሱን ዳታቤዝ ነባሪ፣ ላቲን1ን ወሰዱ። ላቲን1 ግዕዝ ስለሌለው እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካል፤ የተተካው ደግሞ አይመለስም። ደግነቱ ፋይሉ በኖትፓድ ሲከፈት አማርኛው ይነበባል፤ አሮጌው ሰርቨርም አልተዘጋም።

ዳታቤዙን ግዕዝንም ኢሞጂንም ወደሚይዘው ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ቀይረን፣ ሠንጠረዦቹን አጥፍተን እንደገና ስናስገባ ግን አንድ የፕለጊን (የተጨማሪ መሣሪያ) ሠንጠረዥ ላይ ስሕተት 1071 (ኢንዴክሱ ከተፈቀደው በላይ ረዝሟል የሚለው) ይመጣል። ኢንዴክሱ (ረድፎችን ቶሎ ለማግኘት የሚያገለግለው ማውጫ) 255 ፊደል ነው፤ በ4 ባይት ሲባዛ 1020 ይሆናል፣ የዚህ ሰርቨር ኢኖዲቢ (የዳታቤዙ ማከማቻ ሞተር) ግን ከ767 ባይት በላይ አይቀበልም። የዎርድፕረስ የራሱ ሠንጠረዦች ኢንዴክሳቸው 191 ፊደል ላይ ስለሚቆም ያልፋሉ። በባለ3 ባይቱ ዩቲኤፍ8 ቢሆን 255ቱ ፊደል 765 ባይት ስለሚሆን ይገባ ነበር፣ ለግዕዝም ይበቃል፤ ኢሞጂ ግን አይዝም፣ አስተያየቶቹ ደግሞ በኢሞጂ የተሞሉ ናቸው።

ኢንዴክሱን ወደ 191 ማሳጠር ይሻላል ወይስ የረድፉን ፎርማት ዳይናሚክ (ረዘም ያለ ኢንዴክስ ሊቀበል የሚችል) ማድረግ? ኢንዴክሱ ዩኒክ (ድግግሞሽ የማይቀበል) ስለሆነ ማሳጠሩ መጀመሪያቸው የሚመሳሰል ረድፎችን እንዳያጋጭ ሰግተናል። የሠራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩን፤ በክፍያ የሚሠራ ባለሙያ ብትጠቁሙንም እናመሰግናለን።