«ሽጉጥ እኮ ማስፈራሪያ ነው»፦ ለቤት የቱ ይሻላል?

ጣርማበር፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ «ለቤት ጥበቃ ርካሹ ሽጉጥ ይበቃል፤ ሽጉጥ እኮ ማስፈራሪያ ነው» ተብሎ ተጻፈ። ስንቱ እንደወደደው ሳይ ደሜ ፈላ። ጻፊው ጠባሴ ነው፣ መልስም የምፈልገው ከሱ ነው። ፈቃድ አውጥቶ ለቤቱ መሣሪያ የሚገዛ ሰው በዚህ ምክር ተመርቶ ሽጉጥ የሚመስል አንድ የዚንክ ቁራጭ ትራሱ ሥር ቢያስቀምጥ ተጠያቂው ማነው? ሽጉጥ ቃታው ሲሳብ መተኮስ፣ ካልተሳበ ደግሞ አለመተኮስ አለበት። ከሁለቱ አንዱን ያላሟላ ሽጉጥ ከሌባው ይልቅ ለባለቤቱ ነው የሚያሰጋው።

ጠባሴ፦ ነገሬን ቆርጠህ አታውጣው። ያልኩት ሌባ ቤቱ ውስጥ ሽጉጥ እንዳለ ካወቀ በር አይገፋም ነው። ለዚህ እንደ ግሎክ ላለ ውድ ሽጉጥ የግድ መክፈል የለብንም። የቱርኩ ይበቃል። የቱርክ ስለሆነ ብቻ መናቅም ይቁም።

ቀወት፦ የቱርክ ስትል የትኛውን? ሁልጊዜ የሚደባለቀው እዚህ ላይ ነው። ካኒክ፣ ሳርሲልማዝና ጊርሳን እውነተኛ የጦር ሽጉጥ ይሠራሉ፤ 9 በ19 (ውፍረቱ 9፣ የቀለሃው ርዝመት 19 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥይት) ይጎርሳሉ፣ ማንም አይንቃቸውም። ከነሱ ጋር «ቱርክ» እየተባለ የሚዞረው ግን ኢኮልና ዞራኪ የመሳሰለው የድምፅ ሽጉጥ ነው። ፋብሪካው የሠራው እንዲጮህ ብቻ ነው። ተንሸራታቹም (ሲቀባበል ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚሄደው የላይኛው ክፍል) ገላውም የዚንክ ቅይጥ ነው። እሱን አንድ ሰው ወርክሾፕ ውስጥ ነካክቶ እርሳስ እንዲተፋ ሲያደርገው ግፊቱን የሚችል ብረት ውስጡ የለም። ከቀለሃ መውጫው ጥግ ጀምሮ ይሰነጠቃል፣ ቱቦው ያብጣል፣ ሲብስ ተንሸራታቹ ተኳሹ ፊት ላይ ይመጣል። ለመለየት ማግኔት ይበቃል፤ ዚንክ ማግኔት አይስብም።

ጠባሴ፦ የቤሬታ 92 ገላ አሉሚኒየም ነው፣ የግሎክ ፕላስቲክ ነው። እነሱም ማግኔት አይስቡም። እነሱንም እንጣላቸው?

ቀወት፦ ገላውን ማን አለ? ማግኔቱን ተንሸራታቹ ላይ አስጠጋው ነው የምልህ። የቤሬታም የግሎክም ተንሸራታች ብረት ነው፣ ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል። ደግሞ ጎኑ ላይ የተቀረጸውን አንብብ። «9 ሚሊ ፒ.ኤ.ኬ» ወይም «8 ሚሊ» የሚል ካለ የድምፅ ሽጉጥ ነው፣ የመሣሪያው መለያ ቁጥር ተፍቆ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አትንካው።

አያ መንዝ፦ ልጆቼ፣ ለመንዝ ሰው የቤት መሣሪያ ጠመንጃ ነው፣ ዛሬም አሳቤን አልቀየርኩም። ሽጉጥ ካላችሁ ግን ማካሮቭን ትታችሁ ወዴት ትሄዳላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1951 የሶቪየት ሠራዊት የታጠቀው ነው። ቱቦው ከገላው ጋር የጸና ነው፣ ሲተኮስ አይላወስም። የቱቦው ውስጥ በክሮም የተለበጠ ስለሆነ ዝገት በቀላሉ አይደፍረውም። አንዱ ትልቅ ሞላ ቱቦው ላይ ይጠመጠማል፣ የሚበዛ ዕቃ የለውም። 8 ጥይት ይይዛል፣ ባዶውን 730 ግራም ነው። ሴፍቲውን ወደ ላይ ስትገፉት የተወጠረውን መዶሻ ያለ አደጋ ያወርደዋል። ይህን የሚያደርግ ሽጉጥ በዚያ ዘመን ብዙ አልነበረም።

ምንጃር፦ አያ፣ ይቅርታዎንና ማካሮቭ ደካማ ነው። ሌላውን የሶቪየት ሽጉጥ፣ ቶካሬቭን የሚያህል የለም። 7.62 በ25 ጥይቱ በሰከንድ ከ400 ሜትር በላይ ይምዘገዘጋል፤ የማካሮቩ 315 አካባቢ ነው።

ጣርማበር፦ ለቤት የማይመቸውም በዚሁ ነው። ያ ጥይት በጭቃ ግድግዳ አልፎ ጓዳ የተኛውን ልጅ፣ በቆርቆሮ አጥር አልፎ ጎረቤትን ይመታል። ቶካሬቭ ሲሠራ የእጅ ሴፍቲም አልተደረገለትም። ያለው መዶሻውን ግማሽ መንገድ ላይ የሚይዘው ግማሽ ውጥር ጥርስ ብቻ ነው። ያረጀ ቶካሬቭ ላይ ያ ጥርስ ተበልቶ መዶሻው ያመልጣል። ጥይት አጉርሶ መያዝ የማይቻልበትን ሽጉጥ ነው ለቤት የምታዝልን? የድሮው ጥይትም ብዙው ካፕሱሉ (ቀለሃው ቂጥ ላይ ያለው ማቀጣጠያ) ብረት የሚበላ ጨው ይተፋል። ከተተኮሰ በኋላ ቱቦው በፈላ ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ካልተቀባ ብዙም ሳይቆይ ይቦረቦራል። ዘይት ብቻውን ጨዉን አያነሳውም።

ሕግ ነው፦ ወደ «ማስፈራሪያ» ልመልሳችሁ፤ ዋናው ስህተት እሱ ነውና። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ላይ ሕጋዊ መከላከል የሚባለው ሕገ ወጥ ጥቃት ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ በሌላ መንገድ ማስቀረት ሳይቻል፣ መልሱም ከአደጋው ጋር ሲመጣጠን ነው። ከመጠን ላለፈ አንቀጽ 79 አለ። በድንበር ጠብ፣ በመስኖ ተራ፣ በጠጅ ቤት ሽጉጥ መዝዞ ማሳየት እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ባለ ፈቃድም ቢሆን ያስከስሰዋል። በአዋጅ 1177/2012 መሠረት ደግሞ መሣሪያ የሚያዘው በፈቃድ ነው። ቁጥሩ ለተፋቀ፣ በጓዳ ለተቀየረ ሽጉጥ ፈቃድ የሚሰጥ የለም። ጠባሴ፣ አንተ ርካሽ የምትለው የእስር ዋጋው ገና አልተደመረበትም።

ጠባሴ፦ መስኖ ማን አነሳ? ጠጅ ቤት ማን አነሳ? እኔ ያልኩት ቤቱ ውስጥ ላለ ሰው ነው። አንዴ ወደ ሰማይ ቢተኩስ ሌባው ይሸሻል፣ ሰው አይሞት፣ ክስ አይመጣ። ይሄ ምኑ ጥፋት ነው?

ሕግ ነው፦ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ይመለሳል። የሚወርደው የሰው ቆርቆሮ ላይ፣ የሰው ግቢ ውስጥ ነው። ሰው ቢመታ የተጠያቂነትህ መጠን በፍርድ ቤት ይለካል እንጂ «ላስፈራራ ነበር» ብሎ ነጻ መውጣት የለም።

ቀወት፦ የተቀየረውን የድምፅ ሽጉጥ ወደ ሰማይ ስትተኩስ ደግሞ የመጀመሪያው ቢወጣ ሁለተኛው ይነክሳል። ቀለሃውን አስወጥቶ ቀጣዩን ለማጉረስ የተንሸራታቹ ክብደት፣ የሞላው ጉልበትና የጥይቱ ግፊት መመጣጠን አለባቸው። ለሌላ ጥይት የተሠራ ሞላ ያንን አይሰጥህም። ስለዚህ ሌባውን «አስፈራርተህ» በተጣበቀ ሽጉጥ ፊቱ ቆመሃል።

አሁን ስለ ማካሮቭ። አያ፣ በምርጫዎ እስማማለሁ፤ ሽጉጡን የሚያበላሸውን ነገር ግን አላነሱም። ካፕሱሉን የሚወጋው መቺ መርፌ ሞላ የለውም፣ ቀዳዳው ውስጥ ልቅ ሆኖ ይመላለሳል። ሰዉ «እንዳይዝግ» ብሎ ግሪስ ይጠቀጥቅበታል፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ያፈስበታል። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ሌሊት ውርጭ ሲወርድ ያ ግሪስ ይረጋል። መርፌው ፍጥነቱን ያጣና ካፕሱሉን ነካ አድርጎት ብቻ ይመለሳል፤ ከሸፈ ማለት ነው። የሚብሰው ሌላው ነው። የደረቀ ዘይትና አቧራ መርፌውን ወደ ፊት እንደወጣ ከያዘው፣ ገና ሲቀባበል ማንም ቃታ ሳይስብ ይተኩሳል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ካዝናውን አውጣ። ከዚያ ተንሸራታቹን ስበህ ጥይት ማደሪያውን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ፤ ካዝናው ስለወጣ ብቻ ባዶ ነው አትበል። ተንሸራታቹን አውልቅ። ሴፍቲውን ከመዝጊያው አልፎ ወደ ላይ አሽከርክረህ ወደ ግራ ጎትተው፣ መርፌው በራሱ ይወድቃል። መርፌውንም ቀዳዳውንም በነጭ ጋዝ እጠብና አድርቅ። ዘይት እዚያ አይገባም፤ ደርቆ ነው የሚሠራው። ስትገጥመው ተንሸራታቹን ነቅንቀው፤ መርፌው ሲንኳኳ ካልሰማህ አልጸዳም። ዘይት የሚያስፈልገው ተንሸራታቹ ገላው ላይ የሚሄድበት መስመር ነው፣ እሱም ስስ ጠብታ።

ጠባሴ፦ ቆላ ተቀምጦ ስለ ደብረ ብርሃን ውርጭ የሚያስተምረን መጣ!

ቀወት፦ ሽጉጥ ከደጋ ወደ ቆላ ስለሚወርድ ነው የማውቀው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ገደማ። ብርድ የጠጣ ብረት የጣርማበርን ተራራ ወርዶ ሞቃት አየር ሲያገኘው ላብ ያወጣል። እንዲያው በቆዳ ማኅደር ውስጥ ካደረ ቆዳው እርጥበቱን ይዞ ያዝገዋል። ቤት ሲገባ ከማኅደሩ አውጥቶ በደረቅ ጨርቅ መወልወል፣ ከዚያ በዘይት በራሰ ጨርቅ ማለፍ። ሽጉጥን ማኅደር ውስጥ አድርጎ ሣጥን ውስጥ ማክረም ክረምቱን ሙሉ ውኃ ውስጥ እንደመዘፍዘፍ ነው።

የአንኮበር እናት፦ ወንድሞቼ፣ ስለ ብረቱ ብዙ አላችሁ። እጁ ማን እንደሆነ ግን አልጠየቃችሁም። ማካሮቭ ቱቦው ስለማይላወስ ግፊቱን የሚችለው በተንሸራታቹ ክብደትና በዚያ ጠንካራ ሞላ ነው። ለማቀባበል ጉልበት ይፈልጋል። ብዙ ሴትና ሽማግሌ በጣት ጫፍ ቆንጥጦ ሊስበው ሲሞክር ግማሽ መንገድ ይቀርበታል፣ ጥይቱም አፉ ላይ ይቀረቀራል። በመዳፍ ሙሉ ከላይ ጨብጦ፣ ሌላው እጅ ገላውን ወደ ፊት እየገፋ እስከ መጨረሻው መሳብ፣ ከዚያ መልቀቅ፤ እጅን አብሮ ወደ ፊት ማጀብ የለም። ለቤት ሲገዛ ቤቱ ውስጥ ከባልየው ሌላ ማን እንደሚይዘው ይታሰብ። ባዶውን አቀባብላችሁ ሳትሞክሩ አትግዙ።

ትራስ ሥር የሚለውንም ተዉት። ልጅ ያለበት ቤት ሽጉጥ ቁልፍ ባለው የብረት ሣጥን፣ ጥይት ማደሪያው ባዶ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቁት ትልልቆች ብቻ ናቸው።

ጠባሴ፦ እትዬ፣ ሌባ እስኪገባ ቁልፍ ሲፈለግ?

የአንኮበር እናት፦ ጠንካራ በር፣ ከውስጥ የሚጣል መቀርቀሪያና የሚጮህ ውሻ ቁልፍ ለማንሳት ጊዜ ይሰጣሉ፤ ትራስ ሥር የተገኘ ሽጉጥ ግን ለአምስት ዓመት ሕፃን ጊዜ አይሰጥም። ይሄን ነገር በቀልድ አታውጡት።

ምንጃር፦ እንግዲያው ግሎክ ይያዝ። ተንሸራታቹ እንደ ማካሮቭ አይከብድም፣ 17 ጥይት ይይዛል፣ ሴፍቲ ፍለጋ የለም።

ጣርማበር፦ ሴፍቲ ፍለጋ የለም ማለት ቃታው ላይ ያረፈ ነገር ሁሉ ይተኩሰዋል ማለት ነው። ግሎክ ሲወድቅ እንዳይተኩስ የውስጥ መከላከያ አለው፣ ጣት ወይም ገመድ ቃታውን ከሳበው ግን የሚያቆመው የለም። እኛ አገር ደግሞ ሽጉጥ መቀነት ውስጥ ይሻጣል፣ በጋቢ እጥፋት ይያዛል። ቃታውን ሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ማኅደር ከሌለ ግሎክን አትንኩ። ለማጽዳት ሲፈታም መጀመሪያ ቃታው ይሳባል፤ ጥይት ማደሪያውን ያላየ ሰው በገዛ እጁ ይመታል። ሽጉጡ መልካም ነው፣ ላልሠለጠነ እጅ ግን ማካሮቭ ይሻላል እላለሁ።

ቀወት፦ ጥይት ላይም ተጠንቀቁ። «9 ሚሊ» ብቻ ብሎ የሚሸጥ ሰው አትመኑ። የማካሮቩ 9 በ18 ነው፣ እርሳሱም ወፍራም ነው። የግሎኩና የካኒኩ 9 በ19 ነው። የጣሊያኑ ቤሬታ 34 ደግሞ 9 በ17። የቤሬታው ማካሮቭ ውስጥ ይገባል፣ ግን ልቅ ስለሆነ የት እንደሚሄድ አይታወቅም። የቀለሃው ቂጥ ላይ ያለው ጽሑፍና የሽጉጡ ጽሑፍ መገጣጠም አለበት።

አያ መንዝ፦ ይሄ ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ካዝናውን 8 ሞልታችሁ አታክርሙት፣ ሞላው ይደክማል። 6 ይበቃል።

ቀወት፦ አያ፣ በአክብሮት፣ ይሄን አልቀበልም። ደህና ሞላ ተጨምቆ በመቀመጥ ብዙ አይደክምም፤ የሚያደክመው መሙላትና ማራገፉ ሲደጋገም ነው። በክፉ ቀን ሁለት ጥይት በከንቱ ያጎድላሉ።

አያ መንዝ፦ የመንዝ ሰው ይህን ሲያደርግ ስንት ዘመኑ ነው፤ ተሳስቶ ኖሯል ትላለህ?

ምንጃር፦ እኔም ከአያ ጋር ነኝ። ሞላ ብረት ነው፣ ብረት ይደክማል።

ጠባሴ፦ እናንተ በ6 እና በ8 ስትጣሉ ሌባው ሽጉጥ አለ መባሉን ሰምቶ ሄዷል። አሁንም ማስፈራሪያ ነው እላለሁ።

ጣርማበር፦ ማግኔቱን አስጠግተህ ምን እንዳገኘህ ሳትነግረን አንድ ቃል አልመልስልህም።

ቀወት፦ አያ፣ የ6 እና የ8ን ነገር ለነገ እናቆየው፣ እኔ አልለቀውም። ለጊዜው ግን ሁላችሁም የካዝናችሁን ከንፈር፣ ማለትም ጥይቱን የሚይዘውን የላይኛውን ጠርዝ፣ በጣት ዳስሱት። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ፣ ወይም ወድቆ ከተጣመመ፣ ጥይቱ አፍንጫው ዘቅዝቆ ወይም ቀና ብሎ ይነሳና ይቀረቀራል፤ ስድስትም ሙሉት ስምንት። በፒንሳ አቃናዋለሁ አትበሉ፣ ተመልሶ ይጣመማል። ሌላ ካዝና ግዙ።