ሆሪሚያ፦ አኒሜውን ጨረስኩ፣ ማንጋውን ከየት ልጀምር?

ሜላት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ2021ዱን «ሆሪሚያ» አኒሜ (የጃፓን የካርቱን ፊልም) አሁን ጨረስኩ። ሁለቱን ዋና ገጸ ባሕርያት፣ ሆሪንና ሚያሙራን፣ በጣም ነው የወደድኳቸው፤ ትምህርት ቤት ላይ ከተሠሩ የፍቅር አኒሜዎች እንዲህ ቶሎ ልቤ የገባ የለም። ግን ከመሀል ወዲያ ታሪኩ ሩጫ ሆነብኝ። ገና ከጓደኞቻቸው ጋር እየተላመድኩ ሳለ ተመረቁ! ማንጋውን (አኒሜው የተሠራበትን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ያነበባችሁ፣ ምንድን ነው የተቆረጠው? አኒሜው ካቆመበት ልቀጥል ወይስ ከመጀመሪያው ቅጽ ልነሳ? ደግሞ «ሚሲንግ ፒስስ» የሚባለው ተከታይ ሲዝን ነው?

ገጽ ገላጭ፦
ካቆመበት የምትቀጥዪው ነገር የለም ሜላት። አኒሜው እስከ ምረቃው ሄዷል፤ ማንጋውም ዋናውን ታሪክ የሚዘጋው እዚያው ነው። ከቅጽ 1 ተነሺ።

ሩጫው ከየት መጣ ላልሽው፣ ታሪኩ የተጠራቀመበትን ጊዜ ተመልከቺ። ሂሮ በሚል የብዕር ስም የሚታወቁት ደራሲ ከ2007 ጀምሮ በራሳቸው ድረ ገጽ ላይ በቀላል መስመር ይስሉት የነበረ ነው። ቀጥሎ ሃጊዋራ ዳይሱኬ እንደ አዲስ ሳሉትና ከ2011 እስከ 2021 «ጂ ፋንታሲ» በተባለው ወርሃዊ መጽሔት ወጣ፤ ሲሰበሰብ 16 ቅጽ ሆነ። አኒሜውን የሠራው ስቱዲዮ ክሎቨርወርክስ ይህን ሁሉ በ13 ክፍል ነው የጨረሰው። አሥር ዓመት የፈጀ ሥራ አምስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ሲገባ ሩጫ አይቀርለትም።

ትልልቆቹ ትዕይንቶች አሉ። የሆሪ ታናሽ ወንድም ሶታ አፍንጫው ደምቶ ሚያሙራ ወደ ቤቱ ሲያደርሰው፣ ሆሪ ጆሮው ላይ የተደረደረውን ጌጥ አይታ የክፍሏ ልጅ መሆኑን ሳትለይ ስትቀር፣ የክፍላቸው ልጅ ኢሺካዋ ሆሪን ለፍቅር ጠይቆ እምቢ ከተባለ በኋላ የሚያሙራ የቅርብ ጓደኛ ሲሆን፣ ይኼ ሁሉ አለ። የተቆረጠው ምንም የማይሆንበት ጊዜ ነው። ማንጋው ላይ ሚያሙራ እነሆሪ ቤት ይመጣል፣ ከሶታ ጋር ይጫወታል፣ እሷ እራት ትሠራለች፣ በማይረባ ነገር ይነታረካሉ፣ ይሄዳል። በሌላ ምዕራፍ ደግሞ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ጠፍቶ የሚከርመው አባቷ ክዮስኬ ሳይታሰብ ከች ይልና እሱም ልጁን ይለምደዋል። አንባቢውም ሳያስበው ሚያሙራ እዚያ ቤት መኖሩን ይለምዳል፤ ሆሪ ራሷ የለመደችው እንደዚያው ነውና። ለእኔ ፍቅራቸው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። አኒሜው ያንን ሲያሳጥረው «ይኼ ልጅ ከመቼው ቤተሰብ ሆነ?» ያሰኛል።

ፀጉሩን የተቆረጠበትን ጊዜ አስታውሺ። ያ ፀጉር ጆሮውን ይሸፍናል፤ በሙቀት እንኳ ረዥም እጅጌ የሚለብሰው ንቅሳቱ እንዳይታይ ነው። የሚደበቅበት ሁለመናው ያ ነበር። ማንጋው ላይ ለብዙ ምዕራፍ አብሮን ስለኖረ፣ አጭር ሆኖ ብቅ ሲል ከክፍሉ ልጆች እኩል ትደነግጪያለሽ። አኒሜው ላይ ግን ረዥሙን ገና ሳትጠግቢው ያጥራል።

ከጓደኞቻቸው አንዱ ኢዩራም ተበድሏል። ትምህርት ቤት ውስጥ ጩኸታም፣ ቤት ሲገባ ከእህቱ ጋር ሌላ ሰው የሚሆን ልጅ ነው፤ የ2021ዱ አኒሜ የሰጠው ቦታ በጣም ጥቂት ነው።

ፀጥታ፦
እኔ በዚህ አልስማማም። ማንጋውን ወድጄ ነው ያነበብኩት፣ ግን ከመሀል በኋላ ይዘገያል። ሆሪና ሚያሙራ ገና በመጀመሪያዎቹ ቅጾች ነው የሚጣመሩት፤ ከዚያ ወዲያ ብዙው ምዕራፍ አጫጭር ቀልድ ነው፣ በመካከሉም አዳዲስ ሰው ይጨመራል። ማን ማንን እንደሚወድ ለማስታወስ ወደ ኋላ እየተመለስኩ ነበር የማነበው። ዳይሬክተሩ ኢሺሃማ ማሳሺ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ክብደት ያለውን መርጠዋል። ተማሪዋ ኮኖ ኢሺካዋን ወዳ የምታጣበትን ታሪክ እዩት፣ ምን ጎደለው? የሆሪ ጓደኛ ዮሺካዋ እውነቱን መናገር አቅቷት የምትጨነቅበት ሁሉ በደንብ ገብቷል።

ደግሞ ያ በሽታዋ ላይ ያለው ትዕይንት አለ። ሆሪ አሟት ተኝታለች፣ ሚያሙራ አጠገቧ ተቀምጧል፣ እንደሚወዳት የሚናገረው የተኛች መስሎት ነው፤ እሷ ግን ሰምታለች። ሚያሙራን በድምፅ የሚጫወተው ኡቺያማ ኮኪ ያንን ሲናገር ድምፁን አይቀይረውም። ሌላ ተዋናይ ቢሆን ያንቀጠቅጠው ነበር። ሚያሙራ ስለ አየሩ በሚያወራበት ድምፅ ነው የተናገረው፣ እኔም ለዚያ ነው ያመንኩት። ወረቀት ይህን ሊሰጠኝ አይችልም። ስሜቱ ሲበረታ ዳራው ጠፍቶ ሰዎቹ በቀለም ብቻ ሲሞሉም እንዲሁ።

ገጽ ገላጭ፦
በድምፁ ጉዳይ ካንተ ጋር ነኝ፤ ቶማትሱ ሃሩካም ሆሪን ስትቆጣና ስትቀልጥ በአንድ ትንፋሽ ነው የምትጫወታት። ያን ትዕይንት አኒሜው በልጦታል።

ግን «አጫጭር ቀልድ» ያልከው ላይ ልቆይ። የሃጊዋራን አሣሣል ልብ በለው። ሲቀልዱ ፊታቸው ትንሽ ክብና ሁለት ነጥብ ዓይን ብቻ ይሆናል፤ ወዲያው በሚቀጥለው ሳጥን ሙሉው ፊት፣ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ተስሎ ይመጣል። ቀልዱን እየሳቅክ ሳለ ሆሪ እውነተኛ ነገር እንዳለች የምታውቀው ያኔ ነው። ስለዚህ ከዋናው ታሪክ የተነጠለ ቀልድ አድርጌ አላየውም። ቀልዱ በበዛ ቁጥር ያቺ አንዲት ሙሉ ፊት ትከብዳለች። አኒሜው ቀልዱን ሲቀንስ እሷንም አቀለላት። የሰው ብዛት ላይ ያልከው እውነት ነው፣ ሌሎቹ ተማሪዎች እነሴንጎኩና ሬሚ ሳይቀሩ የራሳቸው ምዕራፍ አላቸው፤ እኔ ግን አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ እንዳወቅኩ ነው የተሰማኝ።

ሜላት፦
ሁለታችሁም አመሰግናለሁ። ቅጽ 1ን ልጀምር ነው። «ሚሲንግ ፒስስ»ን ግን ከማንጋው በፊት ልየው ወይስ በኋላ?

ፀጥታ፦
እኔ በፊት ነው ያየሁት፤ ሳቄን ጠግቤበታለሁ። ተከታይ አይደለም፣ የ2023 ሥራ ነው፣ እሱም 13 ክፍል አለው። በመጀመሪያው የተዘለሉትን ታሪኮች ነው የሚያሳየው፤ የስፖርት ውድድሩ ቀን፣ የትምህርት ቤት ጉዞው የመሳሰሉትን። ኢዩራም እዚያ ይካሳል።

ገጽ ገላጭ፦
እኔ በኋላ እላለሁ። ገና ከምረቃው መጥተሽ ወደ መሀል ስትመለሺ ማን ከማን ጋር የት ደረጃ ላይ እንደነበረ ይምታታብሻል። ማንጋውን ካነበብሽ ግን እያንዳንዱ ታሪክ ቦታውን ያገኛል። ቢያንስ እስከ ፀጉር ቆረጣው አንብቢና ከዚያ እንደፈለግሽ እያቀያየርሽ እዪው። ማንጋ አዲስሽ ከሆነ ሳጥኖቹ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበቡት፤ ጥቂት ገጽ እስክትለምጂው ነው እንጂ አያስቸግርም።