በሥራ የተገኘ ዕውቀት በኮሌጅ ክሬዲት ሆኖ ሊያዝ ይችላል?

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)

ጤና ይስጥልኝ። ሳቢያን አካባቢ የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ሞተር የምጠቀልልበት ወርክሾፕ አለኝ። ሙያውን የተማርኩት ከቀድሞው ምድር ባቡር ወርክሾፕ በጡረታ በተሰናበቱ አንድ ባለሙያ ሥር ሆኜ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የወፍጮ ቤት፣ የውሃ ፓምፕና የኮምፕሬሰር ሞተር እየጠገንኩ ቤተሰብ አስተዳድሬበታለሁ። መደበኛ ትምህርቴ በ10ኛ ክፍል ያበቃ ነው። አሁን ልጆቼ ስለደረሱ እስከ ዲግሪ መማር እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን በየቀኑ የምሠራውን ሥራ እንደገና ከሀ ብሎ ለመጀመር ጊዜውም ገንዘቡም ይከብደኛል። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቼ በሥራ የተገኘ ዕውቀት ተመዝኖ በኮሌጅ ክሬዲት እንደሚያዝ ነግረውኛል። ይህ እንዴት ነው የሚሠራው? በእኛ አገርስ በየት በኩል ቢገቡበት ይሻላል?

መልስ 1 (የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኝ፣ ድሬዳዋ)

ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላስቀድም። የትም አገር ቢሆን ዕውቅና የሚሰጠው ለተሠራበት ዓመት ሳይሆን በዚያ ዓመት ውስጥ ለተቀሰመውና ሊመዘን ለሚችለው ዕውቀት ነው። «ይህን ያህል ዘመን ሠርቻለሁ» የሚለው ብቻውን የትም አያደርስም።

በእኛ አገር ለእርስዎ ቅርብ የሆነው በር የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሁላችንም ሲኦሲ የምንለው ነው። የቴክኒክና ሙያ ሥርዓታችን በውጤት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ተመዛኙ ዕውቀቱን ከኮሌጅም ያግኘው ከወርክሾፕ፣ የሚመዘነው በአንድ ዓይነት የሙያ ደረጃ፣ ማለትም ከባለሙያው የሚጠበቀውን ችሎታ በሚዘረዝር መለኪያ ነው። ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል ያለው ሲሆን፣ በመጨረሻም «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» የሚል ውጤት ይሰጣል።

የረጅም ጊዜ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ሲወድቁ ያየሁት በአብዛኛው በጽሑፉ ነው። ባለ 4 ፖል (መግነጢሳዊ ዋልታ) ሞተር በ50 ኸርዝ ሲሠራ በደቂቃ ወደ 1500 ዙር እንደሚጠጋ እርስዎ ድምፁን ሰምተው ያውቁታል። ፈታኙ ግን ድግግሞሹ በ120 ተባዝቶ ለፖሎቹ ቁጥር ሲካፈል 1500 እንደሚመጣ፣ የሚሽከረከረው ክፍል፣ ሮተሩም ለምን ሁልጊዜ ከዚያ ጥቂት ዝቅ እንደሚል እንዲያስረዱት ይፈልጋል። የሙያ ደረጃውን ሰነድ ከምዘና ቢሮው ወስደው እያንዳንዱን ነጥብ ከሥራዎ ጋር ቢያስተያዩት የጎደለዎት የቱ እንደሆነ ራስዎ ያዩታል።

መልስ 2 (ከሐረር)

ዘመዶችዎ የነገሩዎት እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ አንደኛው መንገድ ፈተና ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የሚሰጠው ክሌፕ የተባለው ፈተና ውጤቱ ከ20 እስከ 80 ሲሆን፣ በአብዛኛው 50 ያመጣ ተፈታኝ ክሬዲት እንዲያዝለት ይመከራል። የመጨረሻው ውሳኔ ግን የየኮሌጁ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው ሕግ ደግሞ ሠራተኛው ልምዱን በጽሑፍ አደራጅቶ ገምጋሚ ቡድን ፊት ቀርቦ ሙሉ ዲፕሎማ እስከማግኘት ሊደርስ ይችላል።

ለእርስዎ ዓይነቱ ሰው የሚስማማው ፖርትፎሊዮ የሚባለው ነው። አመልካቹ የአንድን ኮርስ ዝርዝር ይዞ፣ ኮርሱ «ተማሪው ይህን ማወቅ አለበት» የሚለውን እያንዳንዱን ነጥብ የት፣ እንዴትና በምን ሥራ እንደተማረው ይጽፋል፤ ማስረጃም ያያይዛል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ሰብስቦ ይሄዳል። እኔ ግን ሞተር ሲፈቱ የሚጽፉበት ደብተር ካለ ከሁሉ ይበልጣል እላለሁ፦ ጥቅሉ የሚገባበት ስሎት (ቦይ) ብዛት፣ በእያንዳንዱ ጥቅል ያለው የዙር ቁጥር፣ የሽቦው ውፍረት፣ የግንኙነቱ ሥዕል፣ ከጥገና በኋላ የተለካው አምፔር። ፖርትፎሊዮውን የሚገመግመውን መምህር ጥያቄ የሚመልሰው እንዲህ ያለው መረጃ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። ምንም ሳይመዝኑ «ለልምድዎ ዲግሪ እንሰጣለን» ብለው ገንዘብ የሚጠይቁ ድረ ገጾች አሉ፤ እባክዎን አይጠጉአቸው። የውጭ ዲግሪ እዚህ አገር እንዲሠራ የአቻ ግመታው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በኩል የሚያልፍ በመሆኑ፣ ያ ወረቀት እዚያው ይቀራል።

መልስ 3 (መምህርት፣ ድሬዳዋ)

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ኮርስ ማስቀነስን ዋናው ግብ ባያደርጉት እመርጣለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፣ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ፈተናው በየትኛው ኮርስ ዕውቅና እንዳገኙ አይጠይቅም፤ ከትምህርት ክፍሉ ዋና ዋና ኮርሶች ይጠይቃል። ለእርስዎ የሚያስቸግረው ሞተሩ ሳይሆን ሒሳቡ ነው የሚመስለኝ፣ በተለይ ከ10ኛ ክፍል በኋላ ለቆየ ሰው። ስለዚህ የተግባሩ ኮርስ ቢቀነስልዎት የተረፈውን ሰዓት ለሒሳቡ ያውሉት።

ደግሞም ከሙያ ሥልጠና ወደ ዲግሪ የሚያሸጋግረው መስፈርት ሲለዋወጥ የኖረ ነው። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ምን እንደሚያዝልዎትና ምን እንደማይያዝልዎት ከሬጅስትራሩ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ የቃል ተስፋ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብተሩ አለኝ፣ ግን የጻፍኩት ለራሴ በሚገባኝ ምልክት ነው። እንደገና ልገልብጠው?

መልስ 1

አይገልብጡት። ዋናውን እንዳለ ይያዙት፤ ከጎኑ የምልክቶቹን ትርጉም በአንድ ገጽ ጽፈው፣ ከተለያየ ዓይነት ሞተር አንድ አንድ መርጠው በመደበኛው ምልክት በንጹህ ያዘጋጁ። ሁለቱን አብረው ሲያቀርቡ መዛኙ ሥራው የእርስዎ መሆኑንም፣ ንድፈ ሐሳቡን ማወቅዎንም በአንድ ጊዜ ያያል።