«ልጄ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ትዘፍናለች?»

ጠያቂዋ፣ ከደብረ ብርሃን፦

የተከበራችሁ የቃላት ወዳጆች፣ የመጣሁት የእህቴን ጥያቄ ይዤ ነው። እህቴ መሐል ሜዳ ትኖራለች፤ በአካባቢዋ የታወቀች ሙሾ አውራጅ ናት፤ ቃል አይጠፋትም። ልጇ ውጭ አገር ነው ያለችው። በምትኖርበት ከተማ ባለው የካቶሊክ ካቴድራል ከሚያዜሙት ጋር ገብታለች፤ ከመስከረም እስከ ፋሲካ ለሕዝብ የሚያቀርቡት መንፈሳዊ ዝግጅት አላቸው። ይህንን ለእናቷ ስትጽፍ «እማዬ፣ ዘንድሮ ካቴድራሉ ውስጥ ሰባት ጊዜ እንዘፍናለን» አለቻት።

እህቴ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍራ ደጄ ደረሰች። ጋቢዋን ሳታወልቅ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ጣቷን «እንዘፍናለን» የሚለው ቃል ላይ አሳረፈች። «አንቺ ዕድሜሽን ሁሉ አማርኛ ያስተማርሽ ሰው ነሽ። ይህ ቃል እኔ የማውቀው ነው ወይስ ሌላ ፍቺ አለው? ልጄ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ትዘፍናለች?»

«መዝሙር ማለቷ ነው፤ ቃሉ ተምታቶባት ነው» ብዬ አረጋጋኋት። ልጅቱ የላከችውን የዝግጅቱን ወረቀትም በአማርኛ ላዘጋጅላት ቃል ገባሁ። ገና ከርእሱ ተያዝኩ። «ኮንሰርት» ልበለው? መዘምራኑን በእጁ የሚመራውን ሰው፣ ለሙታን የሚዜመውን ክፍል፣ ዝግጅቱ የሚቆይበትን ጊዜ ምን ምን ልበላቸው? እርዱኝ።

የግዕዝ መምህር፣ ከአንኮበር፦

እትዬ፣ ልጅቱን አይቆጧት፤ ሳታውቀው የቃሉን ሥር ነክታለች። «ዘፈነ» በግዕዝ በእግሩ ጨፈረ ማለት ነው። ዳዊት በታቦቱ ፊት «በሙሉ ኃይሉ ይዘፍን ነበር» የሚለውን በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ስናነብ ማናችንም አንደነግጥም። መዝሙር 150ንም ይክፈቱ፤ «በከበሮና በዘፈን አመስግኑት» ይላል። አሁን ልብ ይበሉልኝ፤ የግሪኩ መጽሐፍ እዚያው ቦታ ላይ፣ እኛ «ዘፈን» ባልንበት፣ ያስቀመጠው ቃል «ኮሮስ» ነው። ኮሮስ የጭፈራ ስም ነበር፤ ኋላ እየጨፈረ የሚያዜመው ቡድን ስሙን ወረሰ። ፈረንጆቹ ዛሬ ካቴድራል ውስጥ የሚያቆሟቸውን መዘምራን የሚጠሩበት «ኳየር» የዚህ ቃል የልጅ ልጅ ነው።

ሁለቱም ቃላት ከእግር ተነሥተው ጉሮሮ ላይ ደረሱ። የተለያዩት በደረሱበት ቤት ነው፤ የእነሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገባ፣ የእኛ ወደ ሰርግ ቤት ሄደ። (እግሩ ግን ከእኛም ቤተ ክርስቲያን አልወጣም፤ ሊቃውንቱ መቋሚያ ይዘው ሲያሸበሽቡ ያየ ያውቀዋል።)

ይህ ሁሉ ሆኖ ለእናትየዋ «ትዘምራለች» ብለው ይጻፉላት። እናት በቃል ሥር አትጽናናም፤ የምትሰማው ቃሉ ዛሬ በሚሰማበት ትርጉም ነው።

ዜማ የተማረ አባል፣ ከደብረ ሲና፦

የኔታ የተናገሩት ላይ የምጨምረው የለኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ርእሱ ነው፤ «የዝማሬ ምሽት» ወይም «ማሕሌት» የሚል ሰው እንደሚመጣ አውቃለሁና።

«ዝማሬ» ሰፊ ቃል ሆኗል፤ ይሁን። ነገር ግን ዜማ ቤት የዋለ ሰው ሲሰማው አስቀድሞ ትዝ የሚለው መጽሐፍ ነው። ለቅዱስ ያሬድ ከሚሰጡት አምስት የዜማ መጻሕፍት፣ ማለትም ከድጓ፣ ከጾመ ድጓ፣ ከምዕራፍ፣ ከዝማሬና ከመዋሥዕት አንዱ ነው፤ የሚዜመውም ከቅዱስ ቁርባን ጋር ተያይዞ ነው። ጋይንት ዙር አምባ ወርዶ ዝማሬ መዋሥዕት ለማስመስከር ዓመታት የፈጀ ሰው ቃሉን እንዲህ በቀላሉ አይሰጥም። ስለዚህ «ዝማሬ» ቢሉት አልከፋም፤ «ማሕሌት» ቢሉት ግን እቃወማለሁ። ማሕሌት የራሱ ሌሊት፣ የራሱ ከበሮና ጸናጽል፣ ግራና ቀኝ ሆኖ የመቆም ሥርዓት አለው።

ከተነሣ ዘንድ፣ እባካችሁ ማሕሌትን በሐመሩ «ሐ» እንጻፈው። «ሐለየ» አዜመ ነው፤ «ኀለየ» ደግሞ አሰበ፤ ኅሊና የመጣው ከዚህኛው ነው። በብዙኃኑ «ኀ» ስንጽፈው ቃሉን ከዜማ ዘመዶቹ ነጥለን ከሐሳብ ዘመዶቹ ጋር እናስቀምጠዋለን። በየበዓሉ ጥሪ ላይ ተሳስቶ ባየሁት ቁጥር ያመኛል።

ለጊዜው መጠሪያ «ወራት» ይበሉ፤ «የመዝሙር ወራት»። የአጨዳ ወራት፣ የጾም ወራት እንላለን፤ ሰው ቀኑን ሁሉ ባይቆጥረውም እንደገባበት ያውቃል። ጽጌን አስቡት፤ ከመስከረም 26 ጀምሮ ለአርባ ቀናት የሚዘልቅ ነው። በልጅነቴ ቅዳሜ ማታ ገብተን እሑድ ጎሕ ሲቀድ እንወጣ ነበር፤ በሳምንቱ ውስጥም ያው ዜማ በየቤቱ፣ በየእርሻው ይሰማ ነበር። ልጅቱም ሰባት ምሽት ብትቆጥርም በመካከሉ ያለው ልምምድ ሁሉ ወራቱ ነው።

ወረቀቱ ላይ ኦርጋን ካለ ግሱን ልንገርዎት። በገና ይደረደራል፣ ማሲንቆ ይመታል፣ ዋሽንት ይነፋል። ኦርጋን በቧንቧ ውስጥ በሚያልፍ ነፋስ ቢጮኽም ሰውየው አይነፋም፤ ጣቱን ነው የሚያስኬደው። «ይደረደራል» ቢሉት ያምርበታል።

የካቶሊክ ምእመን የሆነ አባል፣ ትውልዱ ከሸኖ፦

እኔ «ኮንሰርት» የሚለውን እደግፋለሁ፤ ምክንያቴ የቋንቋ ብቻ አይደለም። እናትየዋ «ማሕሌት» ወይም «ጸሎት» ተብሎ ከተጻፈላት ሥርዓተ አምልኮ ነው ብላ ታስባለች፤ አይደለም። በካቴድራል ውስጥ ያለ ቅዳሴ የሚቀርብ ኮንሰርት ራሱን የቻለ ነገር ነው። በቫቲካን ስለ ሥርዓተ አምልኮ የሚመለከተው አካል በ1987 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዚሁ ጉዳይ ላይ ደብዳቤ አውጥቷል። መግቢያው በነጻ ለሁሉም ክፍት ይሁን፣ ዘማሪዎቹ መቅደሱ ውስጥ አይቁሙ፣ ቅዱስ ቁርባኑ በተቻለ መጠን ወደ ጎን ጸሎት ቤት ይዛወር፣ የሚዜመውም ሰሚው በልቡ እንዲከታተለው ማብራሪያ ይሰጥበት ይላል። እንግዲህ «ተመልካች» ብለው አይጻፉ፤ «ታዳሚ» ይበሉ። ታዳሚ የእድምተኛ ዘመድ ነው፤ ተጠርቶ የመጣ ሰው ነው፤ ትኬት ቆርጦ ከገባ ሰው ይለያል።

«ኮንሰርት» በጣልያንኛ ሥሩ መስማማትን፣ በላቲኑ ደግሞ መፎካከርን የያዘ ቃል ነው። አራት ዓይነት ድምፅ እየተሽቀዳደመ በመጨረሻ አንድ ቦታ ሲያርፍ የሰማ ሰው ሁለቱም ልክ መሆናቸውን ይረዳል።

«ካቴድራል» የሚለው አይተርጎም፤ ትርጉሙ ግን ይነገራት። በግሪክ «ካቴድራ» ወንበር ነው፤ የጳጳሱ መንበር ያለበት ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። እኛም «መንበረ ጵጵስና» ስንል ያንኑ ወንበር ነው የምንጠራው። የአዲስ አበባው የካቶሊክ ካቴድራል ለልደተ ማርያም የተሰየመ ነው። «ካቶሊክ» ያለውን ቃልማ በየቀኑ ትደግመዋለች፤ ግሪኩ በጸሎተ ሃይማኖት «ካቶሊኬ» ባለበት ቦታ ግዕዛችን «እንተ ላዕለ ኵሉ» ይላል።

ስለ ሙታኑ ክፍል፦ የላቲን ስሙ «ሬኩዬም» ነው፤ ዕረፍት ማለት ነው። ስሙን ያገኘው ከመጀመሪያው ቃል ነው፤ «አቤቱ፣ ዘላለማዊ ዕረፍትን ስጣቸው፤ የማይጠፋ ብርሃንም ያብራላቸው» ብሎ ይጀምራል። በካቶሊክ ሥርዓት ሙታን ሁሉ የሚታሰቡት ኖቬምበር 2፣ በእኛ ጥቅምት 23 ገደማ ስለሆነ በዚያ ሰሞን በብዙ ካቴድራሎች ይሰማል። «ሙሾ» እንዳይሉት። ለእኔ የሚቀርበው መዋሥዕት ነው፤ እሱም ለፍትሐትና ለተዝካር የሚዜም ነው፤ ስሙም «አውሥአ»፣ መለሰ ከሚለው ግስ የመጣ፣ አንዱ ሲል ሌላው የሚመልስበት ዜማ ነው። ነገር ግን ስሙን ወስደን ብንለጥፈው ዜማ ያወቁት አባል ይቃወሙኛል። «የዕረፍት ጸሎት በዜማ» ቢባል ይበቃል።

ከርእሱ ልውጣና፣ ይህን ላቲንና አማርኛ የማገናኘት ድካም ሰሜን ሸዋ ቀድማ ታውቀዋለች። አባ ማስያስ የምንላቸው ጣልያናዊው ጳጳስ፣ የካፑቺን መነኮሳት ማኅበር አባል የነበሩት ጉልዬልሞ ማሳያ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1867 በፓሪስ የአማርኛ ሰዋስው በላቲን አሳትመው፣ በሚቀጥለው ዓመት ከንጉሥ ምኒልክ ጋር የተገናኙት ደብረ ብርሃን አጠገብ ልቼ ላይ ነው።

አንድ አባል፣ ከመንዝ፦

መሪውን «የመዘምራን አለቃ» በሉት። በመዝሙረ ዳዊት ራስጌ ላይ «ለመዘምራን አለቃ» እያለ ተጽፎልን ሳለ ሌላ ቃል መፈለግ አይገባም። እህትዎ ሙሾ አውራጅ ከሆነች ደግሞ ለእሷ በራሷ ቃል ንገሯት፤ አንዱ ያወርዳል፣ የቀሩት ይቀበላሉ። «አውራጅ» እና «ተቀባይ» መጽሐፍ ያልፈጠራቸው፣ ሰርግና ልቅሶ ያቆያቸው ቃላት ናቸው።

«ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚባለው ተረትም እዚህ ይገባል። ሰው ብዙ ጊዜ በምቀኛ ላይ ይናገረዋል፤ ለእኔ ግን የሰውን የእጅ ሥራ ማክበር ነው። በመዘምራን መካከል ቆሞ የራሱን ድምፅ ሳይለቅ የጎረቤቱን መስማት እንዴት እንደሚያደናግር የሞከረው ያውቃል።

ጠያቂዋ፣ ከደብረ ብርሃን፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠን አነበብኩላት። ርእሱን «በካቴድራሉ የሚቀርቡ የመዝሙር ኮንሰርቶች» አልኩት፤ «ዝማሬ»ን ለዙር አምባ ተውኩለት። «የመዝሙር ወራት»፣ «ታዳሚ»፣ «የመዘምራን አለቃ» ሁሉም ገብተዋል። የኔታ ስለ ኮሮስ የነገሩንን ስነግራት ዝም አለች፤ ከዚያ «ዳዊትም ዘፍኗል እኮ» አለችና ፈገግ አለች።

የዕረፍት ጸሎቱ ላይ ስንደርስ ግን አስቆመችኝና ድገሚልኝ አለች። ደገምኩላት። «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» አለች። «እኔ የማወርደው ለሟቹ ነው፤ ስሙን እጠራለሁ፣ በሬውን እጠራለሁ፣ እናቱን እጠራለሁ። እነዚህ ግን ሟቹን ትተው ፈጣሪን ነው የሚያናግሩት።» ሙሾና ሬኩዬም የሚለያዩበትን ከዚህ አሳጥሮ የነገረኝ የለም፤ ለዚህ ነው እዚህ የጻፍኩት።

ከዚያ ለልጇ እንድጽፍላት አንድ ዓረፍተ ነገር ነገረችኝ፤ «አንቺ አውራጅ ነሽ ወይስ ተቀባይ?» ሌሊቱን መልስ መጣ። «ተቀባይ ነኝ እማዬ። በግራ በኩል፣ ሁለተኛው ረድፍ።»